ታይላንድ ውስጥ ምን ይበላል? ለመንገደኛ የምርጫ መመሪያ

ባንኮክ የሚሄድ ሐበሻ ባብዛኛው ወይ ለሕክምና ነው፣ ወይ ፕራቱናም ልብስ ሊያመጣ፣ ወይ ለመዝናናት። ጉዳዩ ይለያይ እንጂ ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ፎቶ የበዛበት ሜኑ ፊት ይቀመጣል። ሜኑው ወፍራም ነው፤ ፎቶው ሁሉ ያምራል፤ የሚታወቀው ስም ግን ፓድ ታይ ብቻ ነው። ስለዚህ ፓድ ታይ ይታዘዛል። በማግስቱም ፓድ ታይ።

ፓድ ታይ መጥፎ ምግብ ሆኖ አይደለም። ግን እዚያ ድረስ ሄዶ እሱን ብቻ በልቶ መመለስ ያስቆጫል። እዚህ ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው ለምርጫ እንዲመቻችሁ ነው። አድልዎ እንዳለብኝ ግን ከወዲሁ እወቁት፤ እኔ የሰሜን ምሥራቁን፣ የኢሳንን ምግብ አስበልጣለሁ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ፣ የት?

ከምግቡ ስም በፊት ቦታውን ምረጡ። ያው ምግብ ጋሪ ላይ ሲበላና ሆቴል ውስጥ ሲበላ ሌላ ነው።

ጥሩ የጎዳና ጋሪ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሠራው። ባለቤቷ ያንኑ ኑድል ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብስ ኖራለች፤ እጇ አይስትም። አንድ ሰሃን ባብዛኛው ከ50 እስከ 80 ባህት ነው። ብዙ ሰው ጋሪ የሚፈራው ለሆዱ ብሎ ነው፤ ነገር ግን ፊታችሁ፣ በኃይለኛ እሳት፣ አሁን የተሠራ ምግብ ብዙም አያሳስብም። የሚያሳስበው ከጠዋት ጀምሮ ተሠርቶ ሙቀት ላይ የዋለው ነው። ሰልፍ ያለበት ሂዱ። ሰልፉ ውስጥ የአካባቢው የቢሮ ሠራተኞች ካሉ ደግሞ ሜኑ እንኳ ሳታዩ ቁሙ። በረዶ የምትፈሩ ከሆነ፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነው ድቡልቡል በረዶ የፋብሪካ ነው፤ ጠጡበት። የቧንቧ ውኃ ግን ተዉት፣ እነሱም የታሸገ ነው የሚጠጡት።

ቀጥሎ ያለው ታዮች ካው ኬንግ የሚሉት የሩዝና የወጥ ቤት ነው። በረድፍ በተቀመጡ ትሪዎች ላይ ወጥ፣ ጥብስ፣ አትክልት ተደርድሯል። ቋንቋ አያስፈልግም፤ በጣት ማሳየት ነው። ሩዙ ላይ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ይጨመርላችኋል፣ አለቀ። ወጥ ለለመደ ሰው ከዚህ የሚመች የለም። አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ፦ ይኼ የጠዋትና የቀትር ቤት ነው። አመሻሽ ላይ ከሄዳችሁ የምታገኙት የተረፈውን ነው።

የገበያ ማዕከል ፉድ ኮርት ለጀማሪ ነው የተፈጠረው። አሶክ ጣቢያ ላይ ያለው ተርሚናል 21 ውስጥ ፒየር 21 የሚባል አለ። ካርድ ላይ ብር ትሞላላችሁ፣ ከየሱቁ ታዝዛላችሁ፣ የተረፈው ይመለስላችኋል። ዋጋው ከጎዳናው ብዙ አይርቅም፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ፎቶና እንግሊዝኛ አለው። ጣዕሙ ከጥሩ ጋሪ ትንሽ ያንሳል፤ እውነቱ ይኼ ነው። ግን ለመጀመሪያ ቀን፣ ከልጆች ጋር ወይም ሰባት ዓይነት ነገር በትንሽ በትንሹ መቅመስ ለሚፈልግ ቡድን ይበልጣል። ገበያ የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ከቻቱቻክ አጠገብ ያለው ኦር ቶር ኮር ንጹሕ ነው፣ ፍራፍሬው ያስደምማል፣ ምግብም አለው። ከተራ ገበያ ግን ይወደዳል።

ሬስቶራንት መግባት የሚያዋጣው ብዙ ስትሆኑ ነው። ታዮች ቤታቸውም ሆነ ሬስቶራንት ውስጥ ለየራሳቸው አያዝዙም። አራት ሰው አምስት ዓይነት ነገር መሐል ያስቀምጥና እያንዳንዱ ከፊቱ ሩዙን ይዞ ከሁሉም ያነሳል። ብቻውን የሄደ ሰው ሬስቶራንት ገብቶ አንድ ካሪ አዝዞ ሲወጣ ግማሽ ምግብ በልቶ እንደወጣ ይቆጠራል። ዝነኛዋ ጄይ ፋይ ለብቻዋ የምትታይ ናት። ማሃ ቻይ መንገድ ላይ በከሰል እሳት የምታበስል ሴት ናት፤ ምግብ ቤቶችን በኮከብ የሚመዝነው የሚሽሊን መመሪያ ባንኮክን መጀመሪያ ሲመዝን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ፣ ኮከብ ሰጥቷታል። የክራብ ኦምሌቷ ከ1,000 ባህት ይበልጣል፣ ወረፋው ግማሽ ቀን ይበላል። ለታሪኩ ከሆነ ሂዱ። ለሆድ ከሆነ በዚያ ብር ጋሪ ለጋሪ አሥር ጊዜ መብላት ይቻላል።

"እኔ እንኳን በርበሬ አልፈራም"

ይኼን ያላለ ሐበሻ የለም። ግን ነገሩ ይለያል። የኛ በርበሬ ደርቆ፣ ከቅመም ጋር ተፈጭቶ፣ በሽንኩርትና በዘይት ተቁላልቶ ነው ወጥ የሚሆነው። የእነሱ ቃሪያ ሚጥሚጣ የሚሠራበት ዓይነት ትንንሹ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ በእርጥቡ ሳይበስል ይወቀጣል። ከሎሚና ከጨው ጋር ሲገባ ቀስ ብሎ አይደለም የሚይዘው፤ ወዲያው ነው። ዶሮ ወጥ እየበላ ያደገ ሰው ሶም ታም (ያልበሰለ ፓፓያ ሰላጣ) ላይ ሲያለቅስ ማየት የተለመደ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን "ፔት ኒት ኖይ" በሉ፣ ትንሽ ያቃጥል እንደማለት ነው። ጭራሽ ካልፈለጋችሁ "ማይ ፔት"። ወንድ መጨረሻው ላይ "ክራፕ"፣ ሴት "ካ" ካለች ፊቱ ሁሉ ይፈታል። ሶም ታም የምታዝዙ ከሆነ ቃሪያው በቁጥር ነው የሚገባው፤ አንድ ጣት አሳዩ። ካቃጠላችሁ ውኃ አይረዳም። ሩዝ፣ ኪያር፣ ጥሬ ጥቅል ጎመን ብሉ። እነሱም ከሚያቃጥል ምግብ ጋር ጥሬ አትክልት የሚያቀርቡት ለጌጥ አይደለም።

ሌላው ነገር ጠረጴዛው ላይ ያሉት አራት ዕቃዎች ናቸው፦ ስኳር፣ የዓሣ ሶስ፣ የተፈጨ ደረቅ ቃሪያ፣ አቼቶ ውስጥ የተነከረ ቃሪያ። ኑድል ሲመጣ ሆን ተብሎ ሳይጨርሱት ነው የሚሰጧችሁ። ቀምሳችሁ እንደየአመላችሁ ጨምሩበት። ስኳሩን አትናቁት፤ ቆንጠር አድርጎ መጨመር ኮምጣጣውን ሾርባ ልክ ያስገባዋል።

ጎን ለጎን

*ፓድ ታይ ወይስ ፓድ ክራፓው?* ፓድ ታይ በሀገር ደረጃ የተስፋፋው በጠቅላይ ሚኒስትሩ በፊልድ ማርሻል ፒቡንሶንግክራም ዘመን ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲያም መባሏ ቀርቶ ታይላንድ ስትባል መንግሥት አገር በቀል የሚባል ነገር ሁሉ ያስፋፋ ነበር፣ ይኼም የሩዝ ኑድል አብሮ ወጣ። ሮቃ ያኮመጥጠዋል፣ የዘንባባ ስኳር ያጣፍጠዋል፣ ከላይ የተከካ ለውዝ ይነሰነስበታል። አያቃጥልም፤ ልጆች ይወዱታል። ፓድ ክራፓው ግን ታዮች ምን እንብላ ብለው ሲቸገሩ የሚያዝዙት ምግብ ነው። የተከተፈ ሥጋ በነጭ ሽንኩርት፣ በቃሪያና የበሶብላ ዘመድ በሆነ ቅጠል ተጠብሶ ሩዝ ላይ ይደፋል፤ ከላይ ጠርዙ የተንጨባረረ የተጠበሰ እንቁላል። ካልተናገራችሁ ብዙ ጊዜ በአሳማ ነው የሚመጣው። በዶሮ ከፈለጋችሁ "ክራፓው ጋይ" በሉ። ሁለቱን ላወዳድር ከተባልኩ ክራፓው ያሸንፋል፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ሌሊት ይበላል፣ የትም አለ፣ አይሰለችም።

*ቶም ያም ወይስ ቶም ካ?* በሁለቱም ውስጥ ጠጅ ሣር፣ ከዝንጅብል ዘመድ የሆነው ጋላንጋልና የሎሚ ቅጠል አለ። እነዚህ ለመዓዛ ናቸው፤ እንዳታኝኳቸው፣ ወደ ዳር ነው የሚገፉት። ቶም ያም ኩንግ፣ ማለትም የሽሪምፑ፣ ኮምጣጣና የሚያቃጥል ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ቶም ካ ጋይ በኮኮናት ወተት የለዘበ የዶሮ ሾርባ ነው። ጉንፋን የያዘው ቶም ያም፣ ጨጓራ ያለበት ቶም ካ።

*አረንጓዴ ካሪ ወይስ ማሳማን?* እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። አረንጓዴው ቀለሙ ያታልላል፤ ከእርጥብ አረንጓዴ ቃሪያ ነው የተሠራው። ማሳማን ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ኮረሪማን የሚያስታውስ ሄል፣ ድንችና ለውዝ ያለበት ወፍራም ወጥ ነው፤ ከሙስሊም ነጋዴዎች ጋር የመጣ ስለሆነ ባብዛኛው በዶሮ ወይም በበሬ ይሠራል። ለእናታችሁ የምታዝዙ ከሆነ ማሳማን። ለመጀመሪያ ጊዜ የታይ ምግብ የምትቀምስ ኢትዮጵያዊት እናት የምትጨርሰው ሰሃን እሱ ነው።

*ካው ሶይ ወይስ የጀልባ ኑድል?* ካው ሶይ የሰሜኑ የቺያንግ ማይ ነው። የእንቁላል ኑድል በኮኮናት ካሪ ውስጥ፣ ከላይ የተጠበሰ ደረቅ ኑድል፣ ጎን ላይ ቀይ ሽንኩርት፣ ሎሚና የቦካ ጎመን። ከቻይና ዩናን የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው ያመጡት የሚባለው፤ ቺያንግ ማይ ውስጥ ባን ሆ መስጊድ አካባቢ እስከ ዛሬ በሐላል ይሸጣል። የጀልባ ኑድል ባንኮክ ውስጥ በድል ሐውልት አካባቢ በትንንሽ ጎድጓዳ ሳህን የሚቀርብ፣ ጥቁር፣ ቅመሙ የበዛ ሾርባ ነው። ሾርባው የሚወፍረው በደም ነው። ይኼን ሳያውቁ አምስት ሳህን የሚደረድሩ አሉ። ደም ለማይበላ ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ውድድሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ኢሳን

አሁን ወደ አድልዎዬ። ኢሳን ከላኦስ ጋር የሚዋሰነው ደረቁ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ሕዝቡ ለሥራ ወደ ባንኮክ ስለሚፈልስ ምግቡም አብሮ ፈልሷል። የታክሲ ሾፌሩ፣ የግንባታ ሠራተኛው፣ የምሽት ዘበኛው የሚበላው እሱን ነው። ስለዚህ ኮን ኬን ወይም ኡዶን ታኒ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ጭስ ወዳለበት የመንገድ ዳር መታጠፍ ብቻ ነው።

ሶም ታም የምትሠራዋን ሴት ቁጭ ብላችሁ እዩ። ሙቀጫው የሸክላ ነው፣ ዘነዘናው የእንጨት። መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ትወቅጣለች። ከዚያ የዘንባባ ስኳር፣ ረዥም ፎሶሊያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ የዓሣ ሶስ። በመጨረሻ ያልበሰለ ፓፓያ፣ በቀጭኑ የተከተፈ። ቀኝ እጇ ይወቅጣል፣ ግራ እጇ በማንኪያ ከሥር ያገላብጣል። አይደቅም፣ ይሰነጠቃል እንጂ፤ ጭማቂው የሚገባው በስንጥቁ ነው። ከዚያ በማንኪያ ቀምሳችሁ እንድትፈርዱ ትሰጣችኋለች። ሎሚ አነሰው ካላችሁ ትጨምራለች።

ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለ። ሶም ታም ታይ ለውዝና የደረቀ ሽሪምፕ አለው፣ ጣፋጭ ነው። ሶም ታም ፕላ ራ ውስጥ ደግሞ የቦካ ዓሣ ይገባል፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል ወይም ያባርራል። ለመጀመሪያ ቀን ታይ፤ ፕላ ራን ሰው ሲበላ አይታችሁ ከጓጓችሁ ብቻ።

አጠገቡ በከሰል የተጠበሰ ዶሮ፣ ጋይ ያንግ እዘዙ። ላርብም አለ፦ በሎሚ፣ በናና፣ በቀይ ሽንኩርትና ተቆልቶ በተፈጨ ሩዝ የተለወሰ የተከተፈ ሥጋ። ይኼ ሁሉ የሚበላው በትንሽ የቀርከሃ ቅርጫት ከሚመጣ ተጣባቂ ሩዝ ጋር ነው። በእጅ። በጣት ቆንጠር አድርጎ ጠቅለል ማድረግ፣ ከዚያ ልክ በእንጀራ እንደምናጠቅሰው ማጥቀስ። ሌላው የታይ ምግብ በማንኪያ ነው የሚበላው፤ ሹካው ለመግፊያ ብቻ ነው፤ የቻይና እንጨት የሚወጣውም ለኑድል ነው። ኢሳን ጠረጴዛ ላይ ግን እጃችሁን ታጥባችሁ ትገባላችሁ። እኔን የያዘኝ ይኼ ነው፣ አልደብቅም።

ለክትፎ ወዳጆች አንድ ቃል። ኢሳን ውስጥ ጥሬ ሥጋ ይበላል፤ ኮይ የሚባለውን ስታዩ ልባችሁ ይነሳል። የጥሬ ዓሣውን፣ ኮይ ፕላን፣ በፍጹም አትንኩ። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ውስጥ የጉበት ትል አለ፤ በዚያ አካባቢ የሐሞት ቱቦ ካንሰር የበዛው በዚሁ ምክንያት ነው፣ የአገሩ የጤና ባለሙያዎችም ለዓመታት ሲለፉበት ቆይተዋል። ላርቡን በስሎ እዘዙ፤ ጣዕሙ አይቀንስም።

ጾም ላይ ከሆናችሁ፣ ወይም የማትበሉት ነገር ካለ

"ሥጋ የለውም" ማለት ታይላንድ ውስጥ ብዙም አያስተማምንም። የአትክልት ጥብሱ ላይ የዓሣ ሶስ ወይም የኦይስተር ሶስ አለ። የካሪው ድቁስ ውስጥ የቦካ ሽሪምፕ አለ። ፓድ ታይ ላይ የደረቀ ሽሪምፕ ይነሰነሳል። ሽሪምፕና ክራብ የማይነካ ሰው እዚህ አገር መጠየቅ ግዴታው ነው።

ሁለት ቃል አለ፣ ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ማንግሳዊራት ካላችሁ ሥጋና ዓሣ ይቀራል፣ እንቁላልና ወተት ግን ሊኖር ይችላል። "ጄ" ካላችሁ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት ሁሉም የለም፤ እንዲያውም ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ጭምር ይቀራል። ለኛ ጾም የሚስማማው ጄ ነው። ከቻይና የቡዲስት ባህል የመጣ ሲሆን፣ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክቱን ካያችሁ ግቡ፣ ምንም መጠየቅ አያስፈልግም። በቻይና የጨረቃ አቆጣጠር በዘጠነኛው ወር፣ ማለትም በመስከረምና ጥቅምት አካባቢ፣ ለዘጠኝ ቀን የጄ በዓል አለ። በዚያ ሰሞን ባንኮክ ውስጥ ያዋራት በሚባለው የቻይናዎች ሰፈር መንገዱ ሁሉ ቢጫ ነው፣ ፉኬት ደግሞ ከሁሉ ትበልጣለች። ጽጌን የሚጾም ሰው አንዳንድ ዓመት ሊገጥምለት ይችላል። በሌላው ጊዜ፣ የጄ ቤት ስታጡ፣ በዓሣ ሶስ የማትጨነቁ ከሆነ የውኃ ጎመን ጥብስ በሩዝ ያዋጣል፤ ፓክ ቡንግ ይሉታል።

ሐላል የምትፈልጉ ከሆነ ባንኮክ ውስጥ ናና አካባቢ፣ ሱኩምቪት ሶይ 3 ላይ የዓረብ ሬስቶራንቶች ተደርድረዋል። ግን እዚያ የምትበሉት ዓረብኛውን ነው። የታይ ሐላል ከፈለጋችሁ ካው ሞክ ጋይን ፈልጉ፤ እርድ ያለበት ቢጫ ሩዝ ከዶሮ ጋር። የደቡቡ ምግብ ሐላል በቀላሉ ይገኝበታል፤ ያው ሙስሊሙ የሚበዛው እዚያ ነው። የሚያቃጥለውም ከሁሉ በላይ እሱ ነው፣ ተዘጋጁ።

ሕመምተኛ ይዛችሁ ከሄዳችሁ

ከኦፕሬሽን ለወጣ ሰው ቶም ያም አይሰጥም። ሁለት የሩዝ ምግቦች አሉ። ጆክ ሩዙ ፈርሶ እንደ ገንፎ የሆነ ነው፤ መዋጥ ለከበደው ይሻላል፣ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ስላለበት በዶሮ እንዲሆን ጠይቁ። ካው ቶም ሩዙ ሳይፈርስ በሾርባ ውስጥ የሚቀርብ ነው፤ ጉልበቱ እየተመለሰ ላለ ሰው ነው። ሐኪሙ ምን ይብላ እንዳለ ግን እሱ ይቀድማል።

አስታማሚው ራሱ ደግሞ ካው ማን ጋይን ይልመድ። በዶሮ መረቅ የበሰለ ሩዝ፣ የተቀቀለ ዶሮ፣ የዝንጅብል ማጥቀሻ፣ ትንሽ ሾርባ። ሳያቃጥል ያጠግባል። ፕራቱናም ውስጥ ሠራተኞቹ ሮዝ ቲሸርት የሚለብሱበት ቤት በዚህ ታዋቂ ነው፤ ልብስ ገበያው ቅርብ ስለሆነ ነጋዴዎችም ያውቁታል። አንዳንድ ቤት ሳህኑ ጎን ላይ ጠቆር ያለ ጄሊ የሚመስል ኩብ ይመጣል። የረጋ የዶሮ ደም ነው፤ አስቀድማችሁ እንዳይጨምሩት ንገሯቸው።

ከከተማ መውጣት ያዋጣል?

ለምግብ ብቻ ከሆነ፣ ጊዜው አጭር ከሆነ ባንኮክ ይበቃል፤ የአራቱም አካባቢ ምግብ አለበት። ከአንድ ሳምንት በላይ ካላችሁ ቺያንግ ማይን እመርጣለሁ። ካው ሶይ እዚያ ሌላ ነው፤ የምግብ አሠራር ትምህርት ቤቶቹም ብዙ ናቸው፣ ገበያ ወስደው ቅመሙን አሳይተው ራሳችሁን ያሠሯችኋል። ጠጅ ሣር፣ ዝንጅብል፣ ድንብላል አገር ቤት ስላለ የተማራችሁትን ቤታችሁ መሞከር አይከብድም። ባሕር የምትፈልጉ ከሆነ ፉኬት፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ከምግብ ከተሞቹ ተርታ አስገብቷታል።

ማንጎ በተጣባቂ ሩዝ ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል፣ ግን ወቅቱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ዱሪያን ከፈለጋችሁ እዚያው በልታችሁ ጨርሱ፤ ሆቴሎች በጠረኑ ምክንያት አያስገቡም።

ለመመለስ ሱቫርናቡሚ ኤርፖርት ስትደርሱ ደግሞ ላይ ያሉት ሬስቶራንቶች ዋጋቸው የኤርፖርት ነው። ከታች፣ 1 ተብሎ በተጻፈው የምድር ወለል፣ በር 8 አካባቢ፣ ማጂክ ፉድ ፖይንት የሚባል የኤርፖርቱ ሠራተኞች የሚበሉበት ፉድ ኮርት አለ። የተረፈ ባህት ካላችሁ የመጨረሻውን ክራፓው እዚያ፣ ከተማ ውስጥ በሚሸጥበት ዋጋ ታገኙታላችሁ። ያለው ግን ከፍተሻው በፊት ነው፤ ቼክ ኢን ካደረጋችሁ በኋላ ሰዓታችሁን አይታችሁ ውረዱ።